ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከእራት በፊት

አባት ከቤት ወጥቶ ሆቴል ገብቷል። ትንሹ ጆይ ወላጆቹ የተለያዩት በእሱ ጥፋት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚያርማቸውን ጠባዮች በወረቀት ይዘረዝራል። ጨዋ ልጅ ከሆነ አባቱ ይመለሳል ብሎ ያስባል። አባቱ ግን አይመለስም።

ፊልሙ «አባቴ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ ይኖራል» ይባላል። በፔጊ ማን መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ሲሆን የአባትየውን ሚና ቦ ብሪጅስ ተጫውቶታል። የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን በ1973 ያሳየው «አፍተርስኩል ስፔሻል» በተባለው ዝግጅቱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዝግጅቱ በ1972 ተጀምሮ እስከ 1997 ዘልቋል። የሚተላለፈው በሥራ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር፦ ተማሪው ቤት ገብቷል፣ ብዙ ወላጆች ግን ገና ከሥራ አልተመለሱም። አጀማመሩ መጪውን አያሳብቅም፤ የመጀመሪያው ፊልም ዘሩ ሊጠፋ ስለተቃረበ ወፍ የሚተርክ ካርቱን ነበር።

ከዚያ በፊት የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ቤተሰብ ነው። በ1950ዎቹ «አባት ሁሉን ያውቃል» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ አባት ከሥራ ይመለሳል፣ የልጁን ችግር ይሰማል፣ ምክር ይሰጣል፤ ጉዳዩም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በ1970 ግን ካሊፎርኒያ ባልና ሚስት አንዳቸው የሌላውን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅባቸው እንዲፋቱ የሚፈቅደውን ሕግ ሥራ ላይ አዋለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። በዚያው ዘመን ለወጣቶች የሚጻፈው ልብ ወለድ ተለወጠ። ኤስ. ኢ. ሂንተን በ1967 ያሳተመችውን «ዘ አውትሳይደርስ» ገና ተማሪ ሳለች ነው የጻፈችው፤ ታሪኩም ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሦስት ወንድማማቾች ይከተላል። የቴሌቪዥን ሰዎች ከዚህ አዲስ ልብ ወለድ ብዙ ቀዱ።

የተቀዳው ችግሩ ብቻ አልነበረም። የፊልሞቹ ማስታወቂያ መጠጥን፣ አደንዛዥ ዕፅን ወይም እርግዝናን ይጮኻል፤ ታሪኩ ግን በአብዛኛው በቤት ውስጥ ስለሚኖረው ዝምታ ነው።

የ1978ቱ «ዲንኪ ሆከር» ይህን በደንብ ያሳያል። የኤም. ኢ. ኬርን ልብ ወለድ የተከተለ ፊልም ነው። ጁን ሎክሃርት የተጫወተቻት እናት ለዕፅ ሱሰኞች ደግ ናት፤ ጊዜዋንም ጆሮዋንም ለእነሱ ሰጥታለች። የገዛ ልጇ ዲንኪ ግን ብቸኝነቷን በምግብ ታስታግሳለች፣ ክብደቷም ይጨምራል። በመጨረሻ ልጅቷ ሄሮይን እንደምትወጋ የሚያውጅ ጽሑፍ በአደባባይ ትጽፋለች። ዕፅ ነክታ አታውቅም። እናቷ ጆሮ የምትሰጠው ለሱሰኛ ብቻ መሆኑን ስላየች ነው ሱሰኛ ነኝ ያለችው። ደራሲዋ ክፉ እናት አልፈጠረችም፤ በጎ ሥራዋ ልጇን የጋረደባት እናት ናት።

ሌላው የአሜሪካ ጣቢያ ኤንቢሲ በ1975 በምሽት ያሳየው «ሳራ ቲ» ደግሞ የ14 ዓመት ልጅን ስካር ይተርካል። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር፣ ተዋናይቷ ሊንዳ ብሌር ናት። የሳራ ወላጆች ተፋትተዋል፤ እናቷ ሌላ አግብታለች፤ ላሪ ሃግማን የተጫወተው አባቷ ተወዳጅ ቢሆንም የሚታመኑበት ሰው አይደለም። መጠጡም ከመንገድ አልመጣም፤ ትልልቆቹ በየግብዣው የሚቀዱት የቤቱ መጠጥ ነው።

እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ የቀረበውን ደግሞ መጠራጠር ይገባል። በ1973 ዊልያም ሻትነር በአባትነት የተወነበት «ጎ አስክ አሊስ» ስሟ ያልተገለጸ ልጅ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ ነው በተባለ መጽሐፍ ላይ ተመሠረተ። ዛሬ መጽሐፉ በአዘጋጅዋ በቢያትሪስ ስፓርክስ የተፈጠረ ድርሰት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ልብ ወለድ ነን ብለው የመጡት እነ ዲንኪ የቤተሰብን ጠባይ ከዚህ «ማስታወሻ» ይልቅ አቅርበው አይተውታል።

እውነታን ማሳየት ወሰን አላጣም። ኤንቢሲ በ1974 ያሳየው «ቦርን ኢኖሰንት» በማረሚያ ቤት ውስጥ የሚፈጸም የመደፈር ትዕይንት ስለነበረው ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ጣቢያውም ፍርድ ቤት ቆመ። በ1975 ጣቢያዎቹ የምሽቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለቤተሰብ ለሚሆን ዝግጅት ለዩ፤ በቀጣዩ ዓመት አንድ የፌዴራል ዳኛ አሠራሩን ሕገ ወጥ አሉት። የከሰዓቱ ፊልሞች ጉድለት ሌላ ነበር፦ ሰዓቱ ሲያልቅ ችግሩም ማለቅ ስላለበት አማካሪ ወይም መምህር ብቅ ይልና ለዓመታት የተቋጠረውን በጥቂት ደቂቃ ይፈታዋል። ፌዘኞች የያዙባቸውም ይህንኑ ነው።

በ1984 ኤቢሲ «ሳምቲንግ አባውት አሚሊያ»ን በምሽት አሳየ። ቴድ ዳንሰን ልጁን የደፈረ አባት ሆኖ ተወነ። አባትየው የተከበረ ባለሙያ ነው፣ ቤቱም ንጹሕና የተደላደለ። ግሌን ክሎዝ የተጫወተቻት እናት መጀመሪያ ልጇን አታምንም፤ የፊልሙ ክብደት ያረፈው በዚህ አለማመን ላይ ነው። ፊልሙ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ፤ ልጅቷን ሆና የሠራችው ሮክሳና ዛልም ሽልማቱን ስትወስድ 14 ዓመቷ ነበር።

የከሰዓቱ ዝግጅት በ1997 ሲቋረጥ የወጣቶች የቴሌቪዥን ፊልም ወደ ኬብል ጣቢያዎች፣ በተለይ ወደ ዲዝኒ ቻናል አዘነበለ። ጣቢያው በ2006 ያወጣው «ሃይ ስኩል ሙዚካል» ላይም አባትና ልጅ ይጋጫሉ። አባትየው የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነው፤ ልጁ ደግሞ ከኳሱ ጎን ለጎን መዝፈን አምሮታል። በመጀመሪያው ምሽት 7.7 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው፤ በቀጣዩ ዓመትም ሁለተኛው ክፍል ወጣ።