ያጨበጨቡት ለማን ነው?

«ቶፕ ጋን፦ ማቬሪክ» መጀመሪያ ሊወጣ የታቀደው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ነበር። ወደ ጁን 2020 ተገፋ። ኮቪድ መጣና ወደ ዲሴምበር፣ ከዚያ ወደ ጁላይ 2021፣ ከዚያም ወደ ኖቬምበር ተገፋ። በመጨረሻ ሜይ 27 ቀን 2022 ላይ አረፈ። ሶፍትዌር እየሠራ ለሚበላ ሰው የማስረከቢያ ቀን መገፋት አዲስ ነገር አይደለም። አምስት ጊዜ የተገፋ ፕሮጀክት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ትችት መሆኑንም እናውቃለን።

ይሄኛው ግን ሌላ ነገር ገጠመው። በአሜሪካና በካናዳ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። በዓለም ዙሪያ 1.49 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ተመልካቾችን እየጠየቀ ለፊልሞች ውጤት የሚሰጠው ሲኒማስኮር የመጨረሻውን ትልቅ ውጤት፣ ኤ ፕላስ ሰጠው። በደቡብ ኮሪያ ከ8 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ። ሰው በየአዳራሹ አጨበጨበ፣ አለቀሰ፣ ተመልሶ ሄዶም ደግሞ አየ።

ሲኒማ ቤት ውስጥ ማጨብጨብ ነገሩን ካሰቡት ግራ ያጋባል። ቲያትር ቤት ቢሆን ተዋናዩ ይሰማል። ስክሪን ግን አይሰማም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበው ለማን ነው? ለአሜሪካ ጦር? ለቶም ክሩዝ? ለጦርነት? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ፊልሙ ስሙን የወሰደው ከእውነተኛ ትምህርት ቤት ነው። በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዋና ተዋጊ ጄት ኤፍ-4 ፋንተም ነበር። ሲሠራ መድፍ አልተገጠመለትም። የዘመኑ መሐንዲሶች «ከእንግዲህ ሚሳኤል አለ፤ አብራሪዎች አንገት ለአንገት ተናንቀው የሚዋጉበት ዘመን አልፏል» ብለው ስላመኑ ነው። ሰማይ ላይ ሲደርሱ ግን ሚሳኤሉ ይስታል፣ ወይ ጭራሽ አይሠራም። አብራሪው ደግሞ ያለ ሚሳኤል እንዴት እንደሚዋጋ አልተማረም። ባሕር ኃይሉ ለሚያጣው አንድ አውሮፕላን ከጠላት የሚጥለው ከሁለት ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ሆነ።

ካፒቴን ፍራንክ ኦልት የተባለ መኮንን ችግሩን አጥንቶ ሪፖርት አቀረበ። በዚያ መሠረት በማርች 1969 ሳንዲያጎ አጠገብ በሚገኘው ሚራማር ጣቢያ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ሥራው አንድ ነበር፦ ለማሽኑ የተተወውን ችሎታ ወደ ሰውየው መመለስ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቁጥሩ ከ12 ለ1 በላይ ደርሶ ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1983 ኤሁድ ዮናይ የተባለ ጋዜጠኛ ስለዚህ ትምህርት ቤት በ«ካሊፎርኒያ» መጽሔት ላይ ጻፈ። ፕሮዲውሰሮቹ ጄሪ ብሩክሃይመርና ዶን ሲምሰን መብቱን ገዙ። ቶኒ ስኮት ዳይሬክት ያደረገው የመጀመሪያው «ቶፕ ጋን» በሜይ 1986 ወጥቶ በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ፊልሞች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያስገባ ሆነ። ባሕር ኃይሉ ጄቶቹንና መርከቦቹን ሰጠ። በምላሹ ስክሪፕቱን አየ፣ አስተካከለ። አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ላይ የምልመላ ጠረጴዛ ዘረጋ።

ከዚህ ተነስቶ አንድ ወሬ እስከ ዛሬ ይዞራል፦ ከፊልሙ በኋላ የባሕር ኃይሉ ምልመላ በ500 ፐርሰንት አደገ የሚል። ቁጥሩ ደስ ይላል፣ ለክርክርም ይመቻል፤ ግን ልክ አይደለም። የተመዘገበው ጭማሪ ከ1985 ወደ 1986 ባለው ጊዜ ወደ 8 ፐርሰንት ገደማ ነው። 8 ፐርሰንት ትንሽ ባይሆንም ሰውን እንደ በግ እየነዳ ጦር ካምፕ የሚያስገባ አስማት ግን አይደለም። ከትልቅ ጭብጨባ በኋላም አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ነው የሄደው።

ቶም ክሩዝ ራሱም ቢሆን በ1990 «የጁላይ አራት ልጅ» የተባለውን የቬትናም ቁስለኛ ታሪክ ከሠራ በኋላ፣ የቶፕ ጋንን ተከታይ መሥራት ኃላፊነት የጎደለው ይሆን ነበር ሲል ተናግሯል። ጦርነት እንደ መዝናኛ ፓርክ መታየቱ አሳስቦት ነበር። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ቶኒ ስኮት በ2012 ሞተ። የመጀመሪያው ፊልም ጀግና የነበረው ኤፍ-14 ቶምካት በ2006 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሰናበተ። ተከታዩ በጆሴፍ ኮሲንስኪ ዳይሬክተርነት ሲወጣ 36 ዓመት አልፏል።

ይህ መዘግየት ፊልሙን የጎዳው ይመስል ነበር፤ የጠቀመው ግን እሱ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ከገቡት ተመልካቾች ከግማሽ በላዩ ከ35 ዓመት በላይ ነበሩ። በ1986 ታዳጊ የነበሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ ማለት ነው። ኮቪድም ሁለት ዓመት ቤት ዘግቶብን ነበር። ፊልሙን ለኢንተርኔት መሸጥ ይቻል ነበር፤ አልሸጡትም። ስለዚህ ብዙ ሰው ከወረርሽኙ በኋላ ከማያውቀው ሰው ጎን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ አብሮ ትንፋሹን የዋጠው በዚህ ፊልም ነው። የጭብጨባው አንድ ክፍል ለዚያ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እርስ በርስ «አለን» የመባባል ነገር።

ሌላው ክፍል ለቫል ኪልመር ነው። በመጀመሪያው ፊልም የክሩዝ ተቀናቃኝ አይስማን ሆኖ የተወነው ኪልመር በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን አጥቶ ነበር። በተከታዩ አንድ ትዕይንት ብቻ አለው። አይስማንም እንደ ተዋናዩ ታሟል፤ ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ነው የሚያወራው፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቃላት በጭንቅ ይናገራል። ብዙ ተመልካች ያለቀሰው እዚህ ጋ ነው። ጄት የለም፣ ፍንዳታ የለም፤ ሁለት ያረጁ ሰዎች ብቻ ናቸው። ኪልመር በኤፕሪል 2025 አረፈ።

አሁን ወደ ጠላት እንምጣ። በሁለቱም ፊልሞች ጠላት ስም የለውም። የአገሩ ስም አይጠራም፣ የአብራሪዎቹ ፊት በጥቁር የራስ ቁር ተሸፍኗል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ተለዋዋጩ ተፈጥሯል ዋጋ ግን አልተሰጠውም። ዋጋውን የሚሞላው ተመልካቹ ነው፤ የሚሞላውም ባለበት አገር ልክ ነው።

ለምሳሌ የጃኬቱን ነገር ተመልከቱ። በ1986ቱ ፊልም ክሩዝ የሚለብሰው የቆዳ ጃኬት ጀርባው ላይ የጃፓንና የታይዋን ባንዲራ ነበረበት። በ2019 የተከታዩ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ሲወጣ ሁለቱም ባንዲራዎች ተቀይረው ታዩ። በወቅቱ የቻይናው ቴንሰንት ከገንዘብ አዋጪዎቹ አንዱ ነበር። ቴንሰንት በኋላ ወጣ፤ ፊልሙ በ2022 ሲመጣ ባንዲራዎቹ ተመልሰዋል። ታይዋን ውስጥ ባንዲራው ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ እንደተናወጠ ተዘገበ። ቻይና ውስጥ ፊልሙ ሲኒማ ቤት አልገባም። ለቴክሳስ ተመልካች ጃኬት የሆነው ነገር ለታይፔ ተመልካች የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነበር።

የእኛም ተራ አለ። የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት በልጅነቴ ከጓደኛዬ ቤት፣ ከአባቱ ጋር ነው። አባቱ ደብረ ዘይት አየር ኃይል የጥገና ባለሙያ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በፊልሙ «ሚግ-28» የተባሉት ጥቁር የጠላት ጄቶች ብቅ ሲሉ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ምን ሚግ ነው! ይቺ እኮ የእኛዋ ኤፍ ፋይቭ ናት!»

ልክ ነበሩ። ሚግ-28 የሚባል አውሮፕላን በዓለም ላይ የለም። ፊልም ሠሪዎቹ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ኮከብ ለጥፈው ያቀረቡት አሜሪካ ሠራሹን ኤፍ-5 ነው። በእውነተኛውም ትምህርት ቤት ኤፍ-5 የሶቪየት ሚጎችን ወክሎ ይበር ነበር፤ በመጠንም በጠባይም ለሚግ-21 ስለሚቀርብ።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ግን በኦጋዴን ሰማይ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ሚጎቹን የያዘችው ሶማሊያ ናት። በኤፍ-5 ተነስተው የገጠሟቸው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ አሜሪካ የሠለጠኑ። በቁጥር አንሰው የአየሩን የበላይነት ያዙ። ከመካከላቸው ለገሰ ተፈራ በርካታ ሚጎች ከጣሉ በኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ፤ 11 ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ክሩዝ በስክሪን ላይ «ጠላትን» ሲጥል ዓለም ሲያጨበጭብ እሳቸው ገና እስር ላይ ነበሩ። ጋሼ ታዲያ ለማን ያጨብጭቡ? እስከ መጨረሻው ድረስ ለጥቁሮቹ ጄቶች ሲደግፉ አመሹ።

ለእኔ ግን በተከታዩ ፊልም የከበደኝ ጥያቄ ከባንዲራም ከጠላትም አይመጣም። መጀመሪያ አካባቢ አንድ አድሚራል ማቬሪክን ጠርቶ እንዳንተ ያለ ሰው ሊያልቅለት ነው፣ ነገ የሰው አልባ አውሮፕላን ነው ይለዋል። ተመልካቹ አድሚራሉን ወዲያው ይጠላዋል። እኔ ደግሞ ውሎዬን ሳስበው የምሠራው ለአድሚራሉ ነው። በሰው እጅ የሚሠራ ነገር አምጡልኝ፣ ሰው የማይፈልግ ላድርገው ብሎ መክፈል የለመደ ዓለም ውስጥ ነው እንጀራዬ።

አድሚራሉ ደግሞ ውሸት አልተናገረም። በኦገስት 2020 የአሜሪካው ዳርፓ ባዘጋጀው የሲሙሌሽን ውድድር፣ ሄሮን ሲስተምስ የተባለ ድርጅት የሠራው አልጎሪዝም ልምድ ያለውን የኤፍ-16 አብራሪ 5 ለ0 አሸነፈው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት በገባበት በዚያው 2022 መጨረሻ ላይ አልጎሪዝም እውነተኛ ተዋጊ ጄት ካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ አበረረ። እኛ ደግሞ ድሮን ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ፊልም አላስፈለገንም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ቃሉ የቤት ቃል ሆኗል። ድምፁን ሰምተው ወደ ሰማይ ያንጋጠጡ ሰዎች ላይ ያለውን ማን እንዳዘዘው እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አልጠየቁም፤ የተቀመጠበት ሰው የለም።

አየር ኃይል ይቅደስ አልልም። ቦምብ ከሰው እጅ ቢወድቅም ከአልጎሪዝም ቢወድቅም ከታች ላለው ያው ቦምብ ነው። ግን ወንበሩ ላይ ሰው ካለ የሚፈራ አለ፣ የሚሳሳት አለ፣ የሚማረክ አለ፣ 11 ዓመት ታስሮ የሚመለስ አለ። የሚጠየቅም አለ። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ጥያቄው ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል፤ መጨረሻ ላይ ምናልባት እንደኔ ያለ፣ ኮድ ጽፎ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ ጋ ይደርስ ይሆናል።

የፊልሙ ተዋናዮች እውነተኛ ኤፍ-18 ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው፣ ኮክፒቱ ውስጥ በተተከሉ ስድስት ካሜራዎች ነው የተቀረጹት። ፊታቸው በስበቱ ሲጨማደድ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሚታየው እውነት ነው። ተመልካቹ ይህን አወቀው። በኮምፒውተር የተሠራ ሰማይ ሲያይ ከርሞ፣ ሰውነት የሚከፍለውን ዋጋ ሲያይ አጨበጨበ።

ለጦሩ አለመሆኑን ደግሞ ቁጥሩ ይነግረናል። በዚያው 2022 የበጀት ዓመት የአሜሪካ ምድር ጦር ካቀደው ምልመላ 15,000 ሰው ጎደለው። ባሕር ኃይሉ ራሱ በቀጣዩ ዓመት ዕቅዱን ሳይሞላ ቀረ። ሰዎቹ ፊልሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ለማየት ተሰለፉ፤ የምልመላው ሰልፍ ግን አልረዘመም።

አድሚራሉ ለተናገረው ማቬሪክ ልክ ልትሆን ትችላለህ፣ ግን ዛሬ አይደለም ብሎ ይመልሳል። በ1969 ሚራማር ላይ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ሰዎችም ለሚሳኤል መሐንዲሶቹ የሰጡት መልስ ይኸው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ልክ ሆኑ። አሁን መልሱ ለእነማን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ከሚሰጣቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ በሚቀጥለው ሰኞ አንድ ተጨማሪ ሥራ ያለ ሰው እንዲሄድ አድርገህ አስረክብ ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል የሚለውን ነው።