ባለ ብዙ አኃዝ ማባዛት በተግባራዊ ጥያቄ የሚመዘንበት አሠራር

ይህ መረጃ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች የልጆቻቸውን የማባዛት ችሎታ ምዘና በአግባቡ እንዲረዱ የተዘጋጀ ነው።

የምዘናው ዓላማ

የማባዛት ሠንጠረዥን በቃል ማወቅ ብቻውን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮችን ለማባዛት አያበቃም። ተማሪው የእያንዳንዱን አኃዝ የቦታ ዋጋ መረዳት፣ ማባዛት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ መለየትና ያገኘው ውጤት ምክንያታዊ መሆኑን ማመዛዘን ይጠበቅበታል። እነዚህ ችሎታዎች በአንድነት በግልጽ የሚታዩት ከዕለት ተዕለት ኑሮ በተወሰደ ጥያቄ ነው።

የጥያቄ ምሳሌ

«በአንድ ክፍል 48 ተማሪዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ዋጋው 26 ብር የሆነ አንድ እስክሪብቶ ይገዛል። ለግዢው የተያዘው 1,300 ብር ይበቃልን? የሚተርፍ ወይም የሚጎድል ገንዘብ ካለ ምን ያህል ነው? አሠራሩን አሳዩ።»

ትክክለኛ አሠራር

48 በ6 ሲባዛ 288፣ 48 በ20 ሲባዛ ደግሞ 960 ይሆናል። ድምራቸው 1,248 ብር ነው። በመሆኑም ገንዘቡ ይበቃል፤ 52 ብርም ይተርፋል።

ሌላም መንገድ አለ። የ50 እስክሪብቶ ዋጋ 1,300 ብር ነው፤ የሚገዛው በ2 ስለሚያንስ የ2 እስክሪብቶ ዋጋ፣ ማለትም 52 ብር ይተርፋል። በዚህ መንገድ የሠራ ተማሪም ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይገባል።

ከስሕተት የሚገኝ መረጃ

• 384 ብር፦ ተማሪው በ26 ውስጥ ያለውን 2 እንደ 20 ሳይሆን እንደ 2 ቆጥሮ 288ንና 96ን ደምሯል። ሠንጠረዡን ያውቃል፤ የጎደለው የቦታ ዋጋ ግንዛቤ ነው።
• 1,208 ብር፦ 48ን በ6 ሲያባዛ በእጅ የያዘውን 4 ሳይደምር አልፏል።
• 74 ብር፦ 48ንና 26ን ደምሯል። ክፍተቱ ጥያቄውን በመረዳት ላይ ነው።

ሦስቱም ተማሪዎች «ገንዘቡ ይበቃል» ብለው ሊመልሱ እንደሚችሉ ልብ ሊባል ይገባል። የመጨረሻው መልስ ብቻ ከታየ ሦስት የተለያዩ ክፍተቶች ተሸፍነው ያልፋሉ፤ በኋላም በማካፈልና በክፍልፋይ ትምህርት ላይ እንቅፋት ይሆናሉ። ስለሆነም ነጥብ የሚሰጠው ጥያቄውን ለመረዳት፣ ለስሌቱ፣ ለግምቱና ለማብራሪያው ተከፋፍሎ ቢሆን ይመረጣል።

የወላጆች ድርሻ

• ከውጤቱ በተጨማሪ የታረመውን ወረቀት ይመልከቱ፤ ልጅዎ አሠራሩን በቃል እንዲያስረዳ ያድርጉ።
• በገበያ ወይም በትራንስፖርት ወጪ ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎችን በቤት ውስጥ ያለማምዱ። ከስሌቱ በፊት ግምቱን ይጠይቁ።
• ተመሳሳይ ስሕተት ከተደጋገመ ከመምህሩ ጋር ተመካክረው ልጅዎ የማጠናከሪያ ድጋፍ የሚያገኝበትን መንገድ ያመቻቹ።

ለተጨማሪ ማብራሪያ ልጅዎ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ወይም የወረዳዎን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።