የአስገድዶ መድፈር ወንጀልና እርቅ፦ ተጎጂዎችና ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ግጭትን በሽምግልና መፍታት የቆየ እሴት ነው። በወሎ የሚታወቀው የአበጋር ሥርዓትም ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቅ ኖሯል። አስገድዶ መድፈር ሲፈጸም ግን እርቅ የሕግ ተጠያቂነትን አይተካም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ባለመሆኑ ቤተሰብ መታረቁ ክስን አያስቀርም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጎጂዋን ያገባ አጥፊ ከክስ ሊድን ይችል ነበር፤ ይህ ድንጋጌ ዛሬ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎች ፈቃድ በባህላዊ ሕግ እንዲዳኙ የሚፈቅደው የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን ነው።

የፌሚኒስት ምሁራን እይታ

አንዳንድ ምሁራን ጉዳትን የሚጠግን የተሃድሶ ፍትሕ ለተጎጂዋ የደረሰባትን የመናገር፣ አጥፊው ጥፋቱን ሲያምን የመስማትና የመካስ ዕድል ይሰጣል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሸምጋዮቹ ወንዶች፣ ታራቂዎቹ አባቶች፣ ካሳ ተቀባዩም ቤተሰብ ከሆነ እርቁ ያለ እሷ ፈቃድ በስሟ የተፈጸመ ነው በማለት ያስጠነቅቃሉ። በኒውዚላንድ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮጀክት ሪስቶር ለዚህ ስጋት ጥንቃቄ ያደርጋል፤ ሂደቱ የሚካሄደው ተጎጂዋ በነጻ ስትፈቅድ፣ አጥፊው ኃላፊነቱን ሲቀበልና በጉዳዩ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሲመሩት ነው።

ተጎጂዎች ምን ያድርጉ?

• ሳይታጠቡና ልብስ ሳያጥቡ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።
• ለአቅራቢያዎ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ያመልክቱ፤ ለመታረቅ የሚደረግ ጫና ወይም ማስፈራሪያ ካለም ያሳውቁ።
• ካሳ ለመጠየቅ መታረቅ አያስፈልግም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት ፍርድ ቤት ጉዳት አድራሹ እንዲክስ ሊወስን ይችላል።

የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በቀልን በመከላከል፣ ተጎጂዋን ከመገለል በመጠበቅና ወደ ሕግ እንድትደርስ በመርዳት የማይተካ ድርሻ አላቸው። የተጎጂዋን ዝምታ ግን እንደ ስምምነት ሊወስዱት አይገባም።