ጋብሪዬል ሻኔልና የሴቶች ልብስ ለውጥ

የልብስ ታሪክ እንደ ቀላል ነገር ሲቈጠር ይታያል። ይሁን እንጂ በአንድ ዘመን ሴቶች ምን ይለብሱ እንደ ነበር የመረመረ ሰው፣ ምን እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው እንደ ነበር ጭምር ይረዳል። ስለዚህ የፈረንሳዊቷን የልብስ ንድፍ አውጪ የጋብሪዬል ሻኔልን ሥራ ባጭሩ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሻኔል በ1883 ሶሙር በተባለች ከተማ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደች። በ1895 እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷ ልጆቹን ትቶ ሄደ። ስለ ልጅነቷ በኋላ ዘመን ልዩ ልዩ ወሬ ትናገር ስለ ነበረ፣ ታሪኳን የሚጽፍ ሰው የራሷን ቃል ብቻ ይዞ ሊሄድ አይችልም።

በ1910 በፓሪስ ካምቦን መንገድ የባርኔጣ ሱቅ ከፈተች፤ ከዚያም በዶቪልና በቢያሪትዝ ልብስ መሸጥ ጀመረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጨርቅ በጠፋ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይውል የነበረውን ጀርሲ የተባለ ለስላሳ ጨርቅ ለሴቶች ልብስ አዋለችው። ወንዶቹ ዘምተው ሴቶቹ በየሥራው ሲገቡ፣ እንዲህ ያለው ልብስ ለመራመድም ለመሥራትም ተስማማቸው። ወገብን አጥብቆ የሚያስረውን ኮርሴት ያስቀረች እርሷ ብቻ ናት የሚሉ ግን ይሳሳታሉ፤ ፖል ፗሬ ቀድሟት ነበርና። የእርሷ ድርሻ ቀላሉን ልብስ ለክብር ማብቃቷ ነው። ቮግ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1926 ጥቁር ቀሚሷን ከፎርድ አውቶሞቢል ጋር ማመሳሰሉም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን የሴቶችን ወገብ ከእስራት የፈታች የተባለችው ይህች ሴት፣ ለራሷ ሠራተኞች ምን ነበረች? በ1936 ልብስ ሰፊዎቿ ሥራ አቁመው ወደ ቤቱ እንዳትገባ ከለከሏት። በ1939 ጦርነት ሲታወጅ የልብሱን ክፍል ዘጋች፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። ከ1924 ጀምሮ የሽቶው ኩባንያ አብዛኛው ድርሻ የአይሁዳውያኑ የቨርትሃይመር ወንድማማቾች ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙበት ዘመን፣ በ1941፣ የናዚን የዘር ሕግ ተጠቅማ ድርሻቸውን ለመውሰድ ሞከረች። ወንድማማቾቹ ግን ኩባንያውን አስቀድመው አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው አስተላልፈው ስለ ነበረ አልተሳካላትም።

በ1954 ሥራዋን እንደ ገና ስትከፍት ገንዘብ ያወጣላት ይኸው ፒየር ቨርትሃይመር ነበረ። በ1971 ፓሪስ ውስጥ ሞተች።

እንግዲህ ልብሷ ለብዙ ሴቶች የጠቀመ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መልካም ሥራ ለሠሪው ጠባይ ምስክር አይሆንም፤ የታሪክ ተማሪም ሁለቱን ለየብቻ መዝኖ ሁለቱንም መጻፍ አለበት።