«ባዶ ነው» የተባለው አገር

«አውስትራሊያን ማን አገኛት?» ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙ ሰው «እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ» ይላል። እስቲ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1770 የምሥራቁን ዳርቻ ሲያስስ፣ ባሕሩ ዳር ቆመው የሚያዩት ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ሰው የሚኖርበት አገር እንዴት «ይገኛል»?

እነዚህ ሰዎች ዛሬ አቦርጂናል የሚባሉት ናቸው። በአውስትራሊያ ቢያንስ 50,000 ዓመት ኖረዋል። አንድ ሕዝብ ብቻ እንዳይመስሏችሁ! ከ250 በላይ ቋንቋዎች የሚናገሩ፣ የየራሳቸው መሬትና ሕግ ያላቸው ብዙ ሕዝቦች ነበሩ።

ኩክ መሬት የሚይዘው በነዋሪዎቹ ፈቃድ እንዲሆን ከአገሩ ታዝዞ ነበር። እሱ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ የምሥራቁን ዳርቻ «የንጉሡ ነው» አለ። በ1788 ደግሞ 11 መርከቦች ከ1,000 በላይ ሰዎችን ጭነው ዛሬ ሲድኒ ያለችበት ቦታ ደረሱ። አብዛኞቹ እስረኞች ነበሩ።

ለምን ሳይጠይቁ ያዙት? ለእንግሊዞቹ የባለቤትነት ምልክቱ አጥርና የታረሰ ማሳ ነበር። እነዚህን ሲያጡ መሬቱን ባለቤት እንደሌለው ቆጠሩት። የሕግ ሰዎች ይህን አስተሳሰብ በላቲን «ቴራ ኑሊየስ» ይሉታል፤ የማንም ያልሆነ መሬት ማለት ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አቦርጂናሎች ወቅቱን ጠብቀው ትንንሽ እሳት እየለኮሱ ደረቁን ሣር ያቃጥላሉ። ለምለም ሣር ሲበቅል የሚታደን ካንጋሮ ይመጣል፤ ከባድ ሰደድ እሳትም ይቀንሳል። በደቡብ ምሥራቅ፣ ቡጅ ቢም በሚባል ቦታ፣ የጉንዲጅማራ ሕዝብ ከ6,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የድንጋይ ቦይ ሠርቶ እባብ የሚመስል ዓሣ ያጠምድ ነበር። ይህ ባዶ መሬት ነው እንዴ?

አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል? በ1835 ጆን ባትማን የተባለ ሰው ዛሬ ሜልቦርን ያለችበትን አካባቢ ከነዋሪዎቹ በውል ገዛሁ አለ። አገረ ገዢው ሪቻርድ ቦርክ ውሉን ሰረዘው። ምክንያቱ ነዋሪዎቹ ተታለዋል የሚል አልነበረም፤ መሬቱ የእንግሊዝ ዘውድ ስለሆነ እነሱ ሊሸጡት አይችሉም የሚል ነው። ከሰፋሪዎቹ ጋር የመጡት በጎች የሰዎቹን ምግብ፣ ከመሬት የሚቆፈረውን ሥራሥር፣ ጨረሱት። በ1789 ፈንጣጣ በሲድኒ አካባቢ ብዙ ሰው ፈጀ። መሬታቸውን ሊከላከሉ የተዋጉ ብዙዎችም ተገደሉ።

ከዚያ ተራው የልጆች ሆነ። ከ1910 እስከ 1970 ገደማ፣ ባለሥልጣናት አቦርጂናል ልጆችን ከእናት ከአባታቸው እየነጠሉ ወደ ማሳደጊያና ወደ ነጭ ቤተሰቦች ወሰዱ። በእናንተ ዕድሜ ያሉ፣ ከእናንተም የሚያንሱ ልጆች ናቸው። በ1997 የወጣ ብሔራዊ ጥናት፣ ቢያንስ ከ10 ልጆች አንዱ፣ ምናልባትም ከ3 አንዱ ተወስዷል ብሎ ገምቷል። ብዙዎቹ የእናታቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ልጅ ካልተናገረው ደግሞ ቋንቋ ይሞታል፤ ከእነዚያ 250 ቋንቋዎች ዛሬ ልጆች አፍ የሚፈቱባቸው ከ20 አይበልጡም። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው።

ሐሳቡን ከሕጉ ያስነሣው ማን መሰላችሁ? አንድ አትክልተኛ ነው። ኤዲ ማቦ ከአውስትራሊያ በስተ ሰሜን ካለች መር ከምትባል ደሴት የመጣ ሰው ነበር። ሕዝቡ አቦርጂናል ሳይሆን የቶሬስ የባሕር ወሽመጥ ደሴተኛ ነው፤ የመሬቱ ታሪክ ግን ያው ነው። ማቦ የሚሠራው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ደግሞ፣ አትገረሙ፣ ጄምስ ኩክ! አንድ ቀን ከታሪክ መምህራን ጋር ሲጨዋወት፣ ከአባቶቹ የወረሰው መሬት በሕግ የመንግሥት እንደሆነ ሰማ። ማመን አቃተው።

በ1982 ማቦና ጓደኞቹ ክስ መሠረቱ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ጁን 3 ቀን 1992፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሬቱ ባለቤት እንደነበረው ፈረደ። ማቦ ግን ፍርዱን አልሰማም፤ ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት ሞቷል።

ፍርዱ ሁሉን አልመለሰም። ቀድሞ በግል ይዞታነት የተሰጠ መሬት አልተነካም፤ የጠፋ ቋንቋም በፍርድ አይመለስም። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ «እከሌ ይህን አገር አገኘ» የሚል ስታነቡ ቶሎ ገጹን አትግለጡ። እዚያ የነበሩት ሰዎች ስሙን ማን ይሉት እንደነበር ፈልጉ።