ሰልፋና ፈንጣጣ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመተሐራና በባቱ የኖራችሁ ሁሉ ፋንሲዳር የተባለውን የወባ ኪኒን ሳታውቁት አትቀሩም። ከ1990ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በየጤና ጣቢያው በመጀመሪያ የሚታዘዘው እርሱ ነበርና። ከተሠራባቸው ሁለት መድኃኒቶች አንደኛው የሰልፋ ዘር ነው። ይኸው ዘር፣ ፋንሲዳር ከመሠራቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ በፈንጣጣ ሕሙማን ላይ መሞከሩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ ዛሬ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ሙከራ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመን አገር ነው። ገርሃርድ ዶማክ የተባለው ሐኪም በባየር ኩባንያ ሲመራመር፣ ፕሮንቶዚል የተባለ ቀይ ማቅለሚያ በባክቴሪያ የተለከፉ አይጦችን ከሞት ማዳኑን በየካቲት 1927 ዓ.ም. አሳተመ። ከጥቂት ወራት በኋላም በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች፣ አዳኙ ቀለሙ ሳይሆን በውስጡ የተሰወረው ሰልፋኒላሚድ መሆኑን ገለጡ። ፔኒሲሊን ገና በሐኪም እጅ አልገባም ነበርና ተስፋው ከልክ አለፈ፤ ሐኪሞችም ሰልፋን ለማይመለከተው በሽታ ጭምር እስከ መስጠት ደረሱ።

ፈንጣጣ ከነዚህ አንዱ ነበር። ሰልፋ የቁስሉን ማመርቀዝ ሊያስታግስ ይችላል፤ ፈንጣጣው ግን ጊዜውን ጠብቆ መውጣቱንና መብሰሉን አይተውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎችም ሆኑ የወባ ተውሳክ ለማደግ የሚያስፈልጋቸውን ፎሊክ አሲድ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ሰልፋ ይህን ዝግጅት ያቋርጥባቸዋል። የፈንጣጣ ቫይረስ ግን የራሱ ጓዳ የለውም፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በባለቤቱ ዕቃ ይገለገላል። ስለሆነም ሰልፋ የሚዘጋው በር አያገኝም።

በሰልፋ ተስፋ ያደረጉትን እንዲያው አንውቀሳቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀለል ያለው ዓይነት በመሆኑ፣ ከመቶ ሕሙማን የሚሞቱት አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለው በሽታ ላይ የትኛውም ኪኒን ቢሰጥ የተቀሩት ሁሉ «ያዳነኝ እርሱ ነው» ማለታቸው መቼ ይቀራል!

ፈንጣጣን ያሸነፈው ክትባት ነው። የማጥፋቱ ዘመቻ በአገራችን በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ገንዘብና ጉልበት ያዘነበለው ወደ ወባ ነበር፤ ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማም የወባ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ነበረባት። የፈንጣጣው ጓድ ግን በቁጥር አነስተኛ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ ጫፉ ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ይዘው በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ከመንደር መንደር ተዘዋወሩ። የመጨረሻው ሕመም ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በተባለች መንደር ታየ።

የፈንጣጣ ከዓለም መጥፋት ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ለሕመሙ የተረጋገጠ ፈዋሽ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር።