የገጠር መብራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት፦ ከአሜሪካ አርሶ አደሮች ታሪክ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል በእርሻና በገበያ ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል ዘርፍም እንደሚሠራ የአሜሪካ አርሶ አደሮች ታሪክ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች ከ10 ቤቶች 9ኙ ገደማ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ነበሩ። በገጠር ግን መብራት የነበረው ከ10 የገበሬ ቤተሰብ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በፋኖስ ያመሻል፤ ውሃውን ከጉድጓድ በእጁ ይቀዳል፤ ላሙን በእጁ ያልባል። ኃይል በአብዛኛው የሚያቀርቡት የግል ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ የገጠር ቤቶች ተራርቀው ስለሚገኙ መስመር መዘርጋት አያዋጣም፣ ገበሬውም የመክፈል አቅም የለውም የሚል ምክንያት ያቀርቡ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ከተሟገቱት መሪዎች መካከል የኔብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከወንዞች የሚመነጨው ኃይል ሕዝብን መጥቀም አለበት በማለት ለዓመታት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመበት ሕግ የዚሁ ትግል ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በሚሲሲፒ ግዛት፣ በአልኮርን አውራጃ የተመሠረተው ማኅበር ከባለሥልጣኑ የገዛውን ኃይል ለአባላቱ በማከፋፈል ለሌሎች አርአያ ሆነ።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1935 ባወጡት ትእዛዝ የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን አስተዳደርን አቋቋሙ። በኢንጂነር ሞሪስ ኩክ ይመራ የነበረው ይህ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ተስፋ ያደረገው በኩባንያዎቹ ነበር። እነርሱ የተጠበቀውን ያህል ባለመንቀሳቀሳቸው ግን ፊቱን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዞረ። በተከታዩ ዓመት ሴናተር ኖሪስና የቴክሳሱ ተወካይ ሳም ሬይበርን ያቀረቡት ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በብድር አሰጣጥ ለሕዝብ ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ቅድሚያ ከመስጠቱም በላይ፣ ለቤት ውስጥ ሽቦ ዝርጋታና ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች መግዣም ብድር ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1944 በተደረገው ማሻሻያ ወለዱ 2 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 35 ዓመት ሆነ።

ገንዘቡ ብድር እንጂ ስጦታ አልነበረም። ስለሆነም ሥራው የተጀመረው ከአባላት ምዝገባ ነው። ገበሬዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን አሳመኑ። በብዙ ቦታ የመመዝገቢያው ክፍያ 5 ዶላር ሲሆን፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። መስመሩ በማሳቸው እንዲያልፍም ፈቀዱ። አንዳንድ ኩባንያዎች ቤት በተሰበሰበበት አካባቢ ብቻ ፈጥነው መስመር በመዘርጋት የማኅበራቱን ጥረት ለማሰናከል ሞክረዋል። ይሁንና የምሰሶውና የሽቦው አሠራር ወጥ በመደረጉ፣ ቀደም ሲል ለአንድ ማይል ከ1500 ዶላር በላይ ይጠየቅበት የነበረው ዝርጋታ ከ1000 ዶላር በታች ወረደ።

የፖለቲካ መሪዎች ድርሻ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የቴክሳስ ኮረብታማ አካባቢ ነው። የሕዝቡ አሰፋፈር የተበታተነ በመሆኑ አካባቢው ለብድር የሚጠየቀውን የተጠቃሚ ብዛት አያሟላም ነበር። ወጣቱ የምክር ቤት አባል ሊንደን ጆንሰን ጉዳዩን እስከ ፕሬዚዳንቱ ድረስ አቅርበው እ.ኤ.አ. በ1938 ለፔደርናሌስ ማኅበር ብድር አስፈቀዱ። በዓመቱ መብራት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ እርሻዎች 90 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ አግኝተዋል። የውሃ ፓምፕ፣ የወተት ማለቢያና ማቀዝቀዣ ወደ ገበሬው ቤት ገቡ። ሆኖም ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የራሳቸው መሬት የሌላቸው፣ በተለይም በደቡብ ያሉ ጥቁር የእኩል አራሾች፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ተረኞች ነበሩ።

በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ እርሱን የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአባላት ዴሞክራሲያዊ ቁጥጥር እንዲመሩ ይደነግጋሉ። ወፍጮ፣ የመስኖ ፓምፕና የወተት ማቀዝቀዣ ኃይል ለሚሹ ማኅበራት የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። መሪዎች ሕግና ብድር በማመቻቸት በሩን ይከፍታሉ፤ አባላትን መዝግቦ፣ ዕዳን በወቅቱ ከፍሎና ድሃውን ጎረቤት ሳይረሳ በበሩ መግባት ግን የማኅበሩ የራሱ ሥራ ነው።